ቤተ ክርስቲያን ግብር ልትከፍል ይገባታልን?



የግብር ነገር ሲነሣ ሁሉም ሰው ጆሮውን ያቀናል። ባለ ሱቁም፥ ቤት አከራዩም፥ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ አስቀድሞ የሚቀነስበት የመንግሥት ሠራተኛም፥ ስለ ግብር ሲወራ የሚናገረው አያጣም። የሃይማኖት ነገርም ሲነሣ እንዲሁ ነው። ሁለቱ በአንድነት የተነሡ እንደ ሆነ ግን ብዙው ሰው ወይ ዝም ይላል፤ ወይም ይቈጣል። አንዱ «የእግዚአብሔርን ቤት እንዴት ግብር ይጠይቋታል?» ብሎ ይቈጣል፤ ሌላው ደግሞ «እኔ ከዕለት ጕርሴ ቀንሼ ስከፍል ባለ ብዙ ሕንፃው እንዴት ይቀርለታል?» ብሎ ይቈጣል። ቍጣ ነገርን አይፈታም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ነገሩን ከሥሩ ጀምረን፥ ሌሎች አገሮች እንዴት እንደ ፈረዱበትና በእኛም አገር ምን ዐይነት ታሪክ እንዳለው በተቻለ መጠን ለመግለጥ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የቃሉን ወሰን እንለይ። «ቤተ ክርስቲያን ግብር ትክፈል» ወይም «አትክፈል» ሲባል አንድ ነገር የተባለ ይመስላል። በውስጡ ግን ቢያንስ አምስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የመሬትና የሕንፃ ግብር ነው፤ ይኸውም ቤተ መቅደሱ ስለ ቆመበት ቦታ የሚጠየቀው ነው። ሁለተኛው ምእመናን በመባ፥ በስእለትና በዐሥራት ስለሚሰጡት ገንዘብ የሚነሣው ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያኒቱ ሱቅ አከራይታ፥ ወፍጮ ተክላ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ከፍታ ስለምታገኘው ትርፍ ነው። አራተኛው ከውጭ አገር ለአገልግሎት ስለምታስመጣው ዕቃና ስለምትሸጠው መጽሐፍና ጧፍ የሚጠየቀው ቀረጥ ነው። አምስተኛው ካህኑ፥ ሰባኪውና ጸሓፊው ከሚቀበሉት ደመወዝ ላይ የሚከፈለው ግብር ነው። ለእነዚህ ለአምስቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥ ሰው፥ አምስት በሽተኞችን በአንድ ጽዋ መድኀኒት ልፈውስ የሚልን ሐኪም ይመስላል።

ደግሞም በዚህ ንግግር «ቤተ ክርስቲያን» የምንለው ነገሩን ለማሳጠር ነው። የሚነገረው ሁሉ ለመስጊዱም፥ ለምኵራቡም፥ ለጸሎት ቤቱም እኩል የሚደርስ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንዲት ከተማ ለመንገድ ጥገና፥ ለውሃ ቧንቧና ለእሳት አደጋ መከላከያ በዓመት 100,000 ብር ያስፈልጋታል እንበል። በከተማይቱ ውስጥ ዋጋቸው እኩል የሆነ 100 ቤቶች ቢኖሩ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው 1,000 ብር ነው። ከመቶዎቹ ቤቶች 20ዎቹ በሕግ ከግብር ነጻ ይሁኑ ቢባል የመንገዱ ርዝመት አያጥርም፤ የቧንቧውም ዋጋ አይረክስም። ስለዚህ የቀሩት 80 ቤቶች እያንዳንዳቸው 1,250 ብር መክፈል ይኖርባቸዋል፤ ወይም ደግሞ ከመንገዶቹ አንዱ ሳይጠገን ይከርማል። ከዚህ የምንረዳው አንድን ወገን ከግብር ነጻ ማድረግ ግብሩን ማጥፋት ሳይሆን ወደ ሌላው ትከሻ ማዛወር መሆኑን ነው። የአብዬን ወደ እምዬ እንደሚባለው ነው። ይህ ማለት ግን ነጻ ማድረግ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አይደለም። እምዬ ሸክሙን ፈቅዳ የምትቀበልበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ምክንያቱ በግልጥ ሊነገራት ግን ይገባል።

የዚህ ጥያቄ ዕድሜ ከክርስትና ይልቃል። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርከው ዮሴፍ በረኀቡ ዘመን የግብፅን ምድር ለፈርዖን በገዛ ጊዜ ሕዝቡ ከመከሩ አምስተኛውን እጅ እንዲገብር ሥርዐት አቆመ፤ የካህናቱ መሬት ግን ከዚህ ወጪ ሆነ። መጽሐፈ ዕዝራም የፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ የኢየሩሳሌምን ካህናትና ሌዋውያን፥ መዘምራንና በረኞች፥ ከቀረጥና ከግብር ነጻ እንዳደረጋቸው ይናገራል። በወንጌለ ማቴዎስ በ17ኛው ምዕራፍ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡት ሰዎች ጴጥሮስን በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታ ልጆች ከአባታቸው ቤት ግብር ነጻ እንደ ሆኑ ካስረዳው በኋላ ሰዎቹ እንዳይሰናከሉ ብሎ ከዓሣው አፍ በተገኘው ገንዘብ ስለ ሁለቱ አስከፈለ። ያ ግብር ለቤተ መቅደስ የሚገባ ነበረ እንጂ ለቄሣር አልነበረምና ለዛሬው ክርክራችን ፍርድ ሆኖ ሊጠቀስ አይችልም። ነገር ግን ነጻ የመሆን መብትና ሌላውን ላለማሰናከል ሲባል በፈቃድ መክፈል በአንድ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው መታየታቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በሮም መንግሥት ዘመን፥ በአራተኛው መቶ ዓመት፥ ንጉሠ ነገሥት ቈስጠንጢኖስ ካህናትን ከከተማ አስተዳደር ግዴታና ከልዩ ልዩ የመንግሥት ሸክም ነጻ አደረጋቸው። ዐሳቡ አገልግሎታቸውን ያለ መሰናክል እንዲፈጽሙ ነበረ። ሆኖም የከተማ ሹመት ግዴታ የከበዳቸው ባለ ሀብቶች ሸክሙን ለማምለጥ ሲሉ ወደ ክህነት መጉረፍ ጀመሩ። ስለዚህ ያው ንጉሠ ነገሥት ጥቂት ዓመታት ቈይቶ እነዚህ ሰዎች ክህነት እንዳይቀበሉ የሚከለክል ሕግ ለማውጣት ተገደደ። ለአምልኮ ተብሎ የተከፈተ በር ሌላ ሰውም ሊገባበት እንደሚችል ይህ ታሪክ ከ1,700 ዓመት በፊት አሳይቷል።

በመካከለኛውም ዘመን ነገሩ ከባድ ጠብ አስነሥቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1296 ዓ.ም. የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ፥ ካህናት ያለ እርሱ ፈቃድ ለዓለማውያን ነገሥታት ግብር እንዳይከፍሉ አዘዘ። በዚያ ጊዜ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ነገሥታት ለጦርነታቸው ገንዘብ ይፈልጉ ነበረ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1297 ዓ.ም. ግብር የማይከፍሉትን ካህናት ከሕግ ጥበቃ ውጪ አደረጋቸው። ይህም ማለት ማንም ቢበድላቸው በንጉሡ ፍርድ ቤት ሊከሱ አይችሉም ማለት ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ ደግሞ ወርቅና ብር ከአገሩ እንዳይወጣ ከለከለ። ሊቀ ጳጳሳቱም በዚያው ዓመት ትእዛዙን ለማላላት ተገደደ። በንጉሡ ሥራ ውስጥ ግፍ እንዳለበት አይካድም። ቢሆንም ያስነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይጠየቃል፤ በአጥሩ ውስጥ የሚጠለል ሁሉ ለአጥሩ ማደሻ አያዋጣምን?

በዘመናችን መንግሥታት ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ስንመለከት ሦስት መንገዶችን እናገኛለን። የመጀመሪያው መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን ግብር ሳይጠይቅ የሚተውበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ለመንግሥት ይገባ የነበረው ግብር ራሱ ለቤተ ክርስቲያን እንዲገባ የሚደረግበት ነው። ሦስተኛው መንግሥት የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሰብሳቢ የሚሆንበት ነው።

ለሦስተኛው መንገድ የጀርመን አገር ምሳሌ ትሆነናለች። በዚያ አገር በ1919 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት በሕግ የታወቁ የሃይማኖት ማኅበራት ከአባሎቻቸው ግብር እንዲቀበሉ ፈቀደ፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣውም መሠረታዊ ሕግ ይህንኑ አጸናው። በዚህ መሠረት የካቶሊክ ወይም የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ሠራተኛ፥ ከሚከፍለው የገቢ ግብር በተጨማሪ የዚያን ግብር በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ ከመቶ 8፥ በሌሎቹ ክፍለ ሀገሮች ከመቶ 9 ለቤተ ክርስቲያኑ ይከፍላል። የገቢ ግብሩ 1,000 የሆነ ሰው 80 ወይም 90 ይጨምራል ማለት ነው። የሚሰበስበው የመንግሥት ግብር መሥሪያ ቤት ሲሆን ለድካሙ ጥቂት ያስቀራል። መክፈል የማይፈልግ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አባልነት መውጣቱን በሹም ፊት ማስታወቅ ይኖርበታል፤ በየዓመቱም ብዙ ሰዎች ይህን ያደርጋሉ። ይህ መንገድ ቤተ ክርስቲያንን ባለ ጸጋ አድርጓታል፤ ነገር ግን የእምነትን ነገር ከደመወዝ መዝገብ ጋር አያይዞታል።

የመጀመሪያውን መንገድ በጥልቅ የተከራከረበት አገር አሜሪካ ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሕገ መንግሥት መንግሥት ሃይማኖትን እንዳያቋቁም ይከለክላል። ሆኖም በየክፍለ ሀገሩ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ከግብር ነጻ ሆኖ ኖሯል፤ በ1894 እና በ1913 ዓ.ም. በወጡት የገቢ ግብር ሕጎችም የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነጻ ሆነዋል። ይህን የተቃወመ ሰው አልጠፋም። ፕሬዚዳንት ዩሊሲዝ ግራንት በታኅሣሥ ወር 1875 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት በላከው መልእክት፥ ግብር የማይከፈልበት የቤተ ክርስቲያን ሀብት በ1850 ወደ 83 ሚሊዮን ዶላር ይገመት የነበረው በ1875 ወደ 1,000 ሚሊዮን ዶላር እንደ ደረሰ ገልጾ፥ ከመቃብር ቦታዎችና ምናልባትም ከቤተ መቅደሶቹ በቀር ሁሉም እኩል እንዲከፍል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ከዚህ በኋላ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቈይቶ ነገሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍሬድሪክ ዋልዝ የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ከተማ ስታተን ደሴት በሚባለው ክፍል አንዲት ትንሽ ቍራሽ መሬት ነበረችው። ይህ ሰው ክስ የመሠረተው ቤተ ክርስቲያኖች የማይከፍሉትን ግብር እኔ ስለምከፍልላቸው ሳልወድ በግድ ሃይማኖትን እንድደግፍ ተደርጌአለሁ ብሎ ነው። ቀደም ሲል ያየነው የ80 ቤቶች ሒሳብ የዚህ ሰው ክርክር ነው።

ፍርድ ቤቱ በግንቦት 4 ቀን 1970 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በሰባት ድምፅ በአንድ ተቃዋሚ፥ የዋልዝን ክስ ሳይቀበል ቀረ። ዋናው ዳኛ ዋረን በርገር የሰጡት ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው። የኒው ዮርክ ሕግ ነጻ ያደረገው ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትን፥ ሆስፒታልን፥ ቤተ መጻሕፍትንና የበጎ አድራጎት ማኅበርን ጭምር ነው። መንግሥት ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ መስጠትና ሳይጠይቅ መተው አንድ አይደሉም። ከዚህም በላይ ግብር ይጠየቅ ቢባል መንግሥት የቤተ መቅደሱን ዋጋ ሊገምት፥ ያልከፈለውን ሊከስ፥ በመጨረሻም ንብረቱን ይዞ ሊሸጥ ነው። በዚህ ጊዜ መንግሥትና ሃይማኖት ለመለያየት ሲሉ ይበልጥ ይጠላለፋሉ። ዳኛ ዊልያም ብሬናንም በበኩላቸው እነዚህ ድርጅቶች ለሕዝብ ኑሮ የሚያበረክቱትን ጥቅምና ለልዩ ልዩ ዐሳብ መኖር የሚሰጡትን ድጋፍ አስረዱ። ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን ግብርን መተው የተሸፈነ ድጎማ መሆኑን፥ የሚያምን ሰው ያገኘውን የማያምን ሰው ማጣት እንደሌለበት ተናገሩ።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ፍርድ በሁለቱም ወገን ያለውን እውነት ያሳየናል። «ሳይጠይቁ መተው መስጠት አይደለም» የሚለው ቃል ለሕግ ዐዋቂ ይበቃ ይሆናል፤ ለሒሳብ ሹም ግን አይበቃም። በመዝገቡ ላይ ያልገባ 1,000 ብርና ገብቶ የወጣ 1,000 ብር መጨረሻቸው አንድ ነውና። ስለ መጠላለፍ የተሰጠው ምክንያት ግን ጠንካራ ነው። ግብር የማስከፈል ሥልጣን ካለ፥ ያልከፈለውን የመዝጋት ሥልጣንም አብሮ አለ። አንድ ሹም ስለ ዕዳ ብሎ የጸሎትን ቤት በር ሊያሽግ የሚችል ከሆነ፥ ነገ ደግሞ የስብከቱን ቃል ያልወደደለትን ቤት በግምት አብዝቶ ሊያሽግ ይችላል። ለቤተ መቅደሱ ነጻነት ከሚሰጡት ምክንያቶች ሁሉ ይህ ይበረታል።

አሜሪካውያን ነጻነቱን ያለ ወሰን አልተዉትም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች ለምርጫ ተወዳዳሪዎች ድጋፍ እንዳይሰጡ ከለከለ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው የግብር ማሻሻያ ሕግ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከመንፈሳዊ ሥራዋ ጋር ግንኙነት ከሌለው ንግድ የምታገኘው ትርፍ ግብር እንዲከፈልበት አደረገ። በ1983 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፥ የልዩ ልዩ ዘር ተማሪዎች እንዳይቀራረቡና እንዳይጋቡ የሚከለክለው ቦብ ጆንስ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ክልከላው በሃይማኖት ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ቢከራከርም ከግብር ነጻ መሆኑን እንዲያጣ ፈረደ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የቴክሳስ ክፍለ ሀገር ለሃይማኖት መጽሔቶች ብቻ የሰጠውን ከሽያጭ ታክስ ነጻ መሆን ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው። የእነዚህ ሕጎችና ፍርዶች ጠቅላላ ትምህርት ነጻነቱ ለሁሉ እኩል፥ በሥራው ልክ የተወሰነና ግዴታ ያለበት መሆን አለበት የሚል ነው።

የንግዱን ነገር ይበልጥ የሚያስረዳን በኢጣልያ የተደረገው ክርክር ነው። በዚያ አገር የማዘጋጃ ቤት የሕንፃ ግብር ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችን፥ ከነዚህም መካከል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን፥ ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ትምህርት ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ለመሳሰሉት ሕንፃዎቻቸው ጭምር ነጻ አድርጓቸው ነበረ። አንድ የግል ትምህርት ቤትና የአንዲት ትንሽ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት በዚህ አቤቱታ አቀረቡ። የአቤቱታቸው ፍሬ ነገር እኛ ግብር እየከፈልን፥ በአጠገባችን ያለው ይህንኑ ሥራ እየሠራ ግብር ሳይከፍል ዋጋውን ቢያረክስብን እንዴት እንኖራለን የሚል ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2012 ዓ.ም. ነጻነቱ ሕገ ወጥ የመንግሥት ድጎማ እንደ ሆነ ቢያምንም፥ የትኛው ሕንፃ ለንግድ የትኛው ለአምልኮ እንደ ዋለ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመለየት አይቻልም ብሎ ያለፈው ዕዳ እንዲከፈል ሳያዝዝ ቀረ። የአውሮፓ ፍትሕ ፍርድ ቤት ግን በኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ይህን ምክንያት አልቀበልም አለ፤ መለየት አስቸጋሪ መሆኑ መለየትን ለማስቀረት አይበቃም ብሎ ፈረደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ታሪክ ከሦስቱ መንገዶች ሁለተኛው ነው። በጥንቱ ሥርዐት ነገሥታት ለአድባራትና ለገዳማት ጕልት ይሰጡ ነበረ። ጕልት ማለት በመሬቱ ላይ ያለው ገበሬ ለመንግሥት ይገብር የነበረውን ለደብሩ እንዲገብር ማለት ነው። የሰሞን መሬት የሚባለውም ለካህናትና ለመዘምራን አገልግሎት ዋጋ የሚሆን ነበረ። ሲሶ ለነጋሽ፥ ሲሶ ለቀዳሽ፥ ሲሶ ለአራሽ የሚለው አባባል የመሬት ልኬት ሳይሆን የዚህ ሥርዐት መታሰቢያ ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። በዚህ ሥርዐት መሬቱ ከግብር ነጻ ሆነ ቢባልም ገበሬው ነጻ አልወጣም ነበረ። የተለወጠው የሚገብርለት እጅ ብቻ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ፥ በ1935 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ፥ የቤተ ክርስቲያን ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ተቋቋመ፤ የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብርም ለዚሁ ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደረገ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ደረጃ ከፍሎ ግብሩንና የዐሥራቱን ለውጥ በገንዘብ ሲወስን፥ የቤተ ክርስቲያን መሬት ልዩ ሥርዐት እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ መሆንዋን በአንቀጽ 126 ደነገገ። በ1960 ዓ.ም. ዐሥራትን የሻረው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፥ የጎጃም ገበሬ ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ በመጠራጠር ተነሣ። የሚከፈልበትን ምክንያት ሕዝብ ያልተረዳው ግብር ምን እንደሚያስከትል ይህ ያስረዳል።

ከዚህ በኋላ ለውጡ በአንድ ዓመት ውስጥ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችበት የመሬት ገቢ ቀረባት። ካህኑ የሚኖረው ከምእመናን በሚገኝ መባና ዐሥራት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጕዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 285 የሃይማኖት ድርጅቶች የሚሰጡትን መንፈሳዊ አገልግሎት ከታክሱ ነጻ ሲያደርግ፥ አንዱን ሃይማኖት ከሌላው አልለየም።

እንግዲህ በዛሬ ዘመን በከተማችን ያለውን አንድ አጥቢያ በዐሳባችን እንመልከት። በአጥሩ ውስጥ ቤተ መቅደሱ፥ የመቃብሩ ስፍራና የአብነት ትምህርት ቤቱ አሉ። በአጥሩ ዳር ደግሞ ለነጋዴ የተከራዩ ዐሥር ሱቆች አሉ። በበሩ አጠገብ ጧፍ፥ ዕጣንና የጸሎት መጽሐፍ ይሸጣል። ካህናቱና የሒሳብ ሹሙ ደመወዝ ይቀበላሉ። ግብር ይከፈል ወይስ አይከፈል?

ቤተ መቅደሱን፥ መቃብሩንና ትምህርት ቤቱን ነጻ ማድረግ ይገባል ብለን እናስባለን። ቤተ መቅደስ ገቢ አያስገኝም፤ በዋጋው ልክ ይከፈልበት ቢባል ከማንም በፊት የሚዘጋው የድኾች አጥቢያ ነው። በበሩ ሥር የሚጠለለውን ነዳይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ተቀብሎ ሊያኖረው ነው። መባውም ነጻ ሊሆን ይገባል፤ የሰጠው ምእመን ደመወዙን ሲቀበል ወይም ንግዱን ሲያስታውቅ አስቀድሞ ግብር የከፈለበት ገንዘብ ነውና። ጧፉና ዕጣኑ ለአምልኮ የሚሆኑ ስለ ሆኑ ከአገልግሎቱ ተለይተው ሊታዩ አይገባም።

የዐሥሩ ሱቆች ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በአጥሩ ዳር ሱቅ የተከራየው ነጋዴና ከመንገዱ ማዶ ከግለሰብ የተከራየው ነጋዴ አንድ ዐይነት ጨርቅ ይሸጣሉ። አንዱ አከራይ ግብር ከፍሎ ሌላው ሳይከፍል ቢቀር የኢጣልያዋ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ያቀረበው ዐይነት አቤቱታ በእኛም ሰፈር ይሰማል። ኪራዩ ለቅዱስ ሥራ ይውላል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባልቴት ሁለት ክፍል አከራይታ የልጅ ልጆችዋን የምታስተምርበት ገንዘብም ለክፉ ሥራ አይውልም፤ እርስዋ ግን ትከፍላለች። ስለዚህ ለኪራዩ እንደ ማንኛውም አከራይ መክፈልና ለድኻ የተሰጠውን ምጽዋት በመዝገብ አስመስክሮ ከሒሳቡ ማስቀነስ የተሻለ መንገድ ይመስለናል።

የካህኑም ደመወዝ ከሌላው ዜጋ ደመወዝ ሊለይ የሚገባው አይመስለንም። ደመወዙ እጅግ ዝቅ ያለ ከሆነ ሕጉ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ሁሉ የሚሰጠው ምሕረት ይደርሰዋል፤ ደመወዙ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ በተመሳሳይ ደመወዝ ከሚተዳደረው መምህር የሚለይበት ምክንያት አይኖርም።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ይኸውም ሱቁን ከቤተ መቅደሱ፥ መባውን ከኪራዩ ለመለየት የሒሳብ መዝገብ መመርመር ግዴታ ነው፤ ታዲያ ተቈጣጣሪው በዚህ ሰበብ ወደ መቅደሱ ዘልቆ አይገባምን የሚል ነው። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። መድኀኒቱም ሁለቱን መዛግብት አስቀድሞ መለየት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራስዋ የኪራዩንና የንግዱን ሒሳብ በአንድ መዝገብ፥ የመባውንና የአገልግሎቱን በሌላ መዝገብ ብትይዝ፥ የግብር ሹሙ የመጀመሪያውን ብቻ ያያል። ሁለተኛውን የሚያየው ምእመኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ሲቀላቀሉ ግን ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ይሆናል። ያን ጊዜ ሐሜት ይነሣል፤ ከሐሜቱም ይበልጥ የሚጎዳው በቅንነት የሚያገለግለው ካህን ነው።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። የከተማ ባለ ሕንፃ ደብርና በገደል አፋፍ ላይ ያለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስማቸው አንድ ቢሆንም ኑሮአቸው አንድ አይደለም። በገጠሩ ቄሱ ራሱ አርሶ የሚበላ ገበሬ ነው፤ የሚያከራየው ሱቅ ቀርቶ የሚያለብሰው መጋረጃ የሌለው መቅደስ ብዙ ነው። ትርፍ የሚገኝበት ንግድ ብቻ ግብር ይክፈል የሚለው ሕግ ይህን ድኻ ደብር አይነካውም። ለሁሉም ነጻነት የሚል ክርክር ሲነሣ ግን ብዙውን ጊዜ በድኻው ደብር ስም ይቀርብና ጥቅሙ ባለ ሕንፃው ዘንድ ይቀራል።

እንግዲህ የንግግራችንን ፍሬ ነገር ስንሰበስበው፥ መንግሥት የአምልኮውን ቤትና ለአምልኮው የተሰጠውን መባ ሳይነካ መተዉ የሕሊናን ነጻነት ይጠብቃል። ንግዱን እንደ ማንኛውም ንግድ መቍጠሩ ደግሞ በጎረቤቱ ነጋዴና በባልቴቲቱ ላይ ግፍ እንዳይደርስ ያደርጋል። ነጻነቱ ለሁሉም ሃይማኖት እኩል ቢሆን፥ ልኩ በሕግ ቢጻፍ፥ ሒሳቡም ለምእመኑ ግልጥ ቢሆን፥ ሸክሙ ወደ ትከሻው የተዛወረበት ዜጋ ምክንያቱን ዐውቆ ይሸከመዋል። ጕዳዩ በየቀኑ በጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርብ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞችም፥ ማመልከቻው ሲመጣላችሁ ከማኅተሙ በፊት ሕንፃው ምን እንደሚሠራበት ብትጠይቁ ለቤተ ክርስቲያንም ለመንግሥትም ታማኞች ትሆናላችሁ።

የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።